የሎታር ቀይ ዘንዶ

እባብ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ "ይቺ ሴትዮ ነካ አድርጓታል" እንዳትሉኝ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ከእባብ አርቢ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሬአለሁ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሌን ለሃያ ሁለት የመስታወት ሳጥን አስረክቤአለሁ። አተር ፍለጋ ማቀዝቀዣዬን ስከፍት፣ ከስፒናቹና ከአይስክሬሙ መሃል በላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ የሆነ አይጥ እየገፋሁ ኖሬአለሁ። ይህን ሁሉ የቻልኩት ሎታርን ስለወደድኩ ነው እንጂ እባቡን ስለወደድኩ አይደለም።

ሎታር ፒዮንተክ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ባለቤቴ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል ኖሮ ባለፈው መጋቢት ቁርሱን ሳይጨርስ ሞተ። የሚያረባው የዛፍ ዘንዶ ነበር። ዘንዶ ስላችሁ በሬ የሚውጠው አይምሰላችሁ። የዚህኛው ርዝመት ከእኔ ቁመት ያንሳል፣ ውፍረቱም ከመጥረጊያ እንጨት ብዙ አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ይውላል። ሰዎቹን የሚያሳብዳቸው ቀለሙ ነው። ከአንድ ሆድ ቢጫም፣ ብርቱካናማም፣ ቀይም፣ ጭቃ የመሰለም ይወለዳል፤ ያም ቀለም ሲያድግ ይለዋወጣል። ስለዚህ በከተማችን በቦትሮፕ ሠላሳ ሰባት ትልልቅ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ሰብሳቢ መርጠው፣ ቃለ ጉባኤ ይዘው፣ የማንኛችን ይበልጥ ቀላ እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው በቴዮ መጠጥ ቤት የጓሮ ክፍል ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። አዲስ ቀለም ያወጣ አርቢ ስሙና የቀለሙ ስም በጋለ ብረት ይጻፍበታል። ሦስት ዳኞች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሦስት ዓመት የሞላውን እንስሳ ያዩታል። ሁለቱ ከተስማሙ ይጻፋል። ሎታር ራሱ አሥራ ስምንት ዓመት ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበር፤ የራሱ እንስሳ ሲቀርብ ብቻ ወንበሩን ለሌላ ይለቃል። አምስት ጊዜ አቀረበ። አምስቴም "ቡናማ ነው" ብለው መለሱት። አምስቴም ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ "አላዩትም፣ ትራውደ።"

ትራውደ እኔ ነኝ።

ሲሞት ደንባቸውን አንብቤ ጨረስኩት። አንቀጽ አሥራ አንድ እንዲህ ይላል፦ በሟች አባል ስም እንስሳ ማቅረብ የሚቻለው በሞተበት ዓመት በሚደረገው የጥቅምት ስብሰባ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ካለፈ ዘንዶዎቹ በዕጣ ለአባላት ይከፋፈላሉ፤ ዘሩም ስም አይኖረውም። አንድ ዕድል ነበረኝ ማለት ነው። የሎታር ስም እዚያ ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በልብስ ማጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ያጎነበሰው በከንቱ ነው ማለት ነው። ይህን ደግሞ አልቀበልም አልኩ።

የቸገረኝ ነገር ቢኖር ስለ ሥራው ምንም አለማወቄ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ የማደርገው ሲያደርግ ያየሁትን ብቻ ነበር። አይጡን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቀልጣለሁ፣ ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ ዘንዶውን በባዶ እጄ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ፣ ሳጥኑን ጠርጌ እመልሰዋለሁ። አንዳንዱ ሥራ ጨርሼም መውረድ እምቢ ይለኛል። የማኅበሩ አባላት ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ግን ጣታቸው ሁሉ በፕላስተር የተጠቀለለ ነበር። ሰብሳቢው ኤከሃርድ ብሮመል አፍንጫው ላይ ጠባሳ አለው። ምን ዓይነት እጀ ሰባራዎች ናቸው አልኩ በልቤ።

የሎታር መዝገብ ነበረኝ። በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ የተወለዱትን ሁሉ ጽፏል፦ የሳጥን ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ ቀለም፣ ከጎኑ ደግሞ ትንንሽ ነጥቦች። ነጥቦቹን የበሉት አይጥ ቁጥር ነው ብዬ አለፍኳቸው። በቀለሙ ዓምድ ሥር ግን፣ ከጥቂት ቢጫ በቀር፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው "ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ" ይላል። ሳጥን አሥራ አራት ውስጥ ያለችው የሦስት ዓመት ሴት ደግሞ ሦስት ኮከብ ተሰጥቷታል። መብራት አብርቼ አየኋት። የድንች ጆንያ ነው የምትመስለው።

ታዲያ ለምን ቀይ አለ ብዬ አልጠየቅኩም ወይ? አልጠየቅኩም። እነዚህን ሰዎች አታውቋቸውማ። እነሱ ዘንድ ዝገት "ሩቢ" ነው፣ ጭቃ "ካራሜል" ነው፣ የተበላሸ ሰናፍጭ የመሰለው "የፀሐይ መግቢያ" ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሁሉ እንዲሁ ነው። ቀይ ሲሉ እኛ የምናውቀውን ቀይ ማለታቸው አይደለም፣ የሙያው ቀይ አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኋላ እንዳየሁት ሠላሳ ሰባቱም ስለ ሎታር እንደዚሁ ነው ያሰቡት፤ "እሱ ትንሽ ያጋንናል" ብለው አለፉት።

አንድ የቤቴን ነገር ልጨምር፣ ያለሱ የቀረው አይገባችሁም። ሎታር ብርጭቆ በጨበጠ ቁጥር ለሰው የሚያወራት ወሬ ነበረችው። "ትራውደን በቀይ ካፖርት ነው ያገኘኋት። ከሩቅ ሳያት ልቤ ድንግጥ አለ" ይላል። እኔ ያን ቀን የለበስኩት አረንጓዴ ነው። ቀይ ካፖርት የነበራት የዳቦ ቤቷ ሄድቪግ ናት። እሷን አይቶ እኔን አገባ ማለት ነው ብዬ ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ። ሄድቪግ ዳቦ ቤት ረግጬ አላውቅም። ሁለት ሰፈር አቋርጬ ነው ዳቦ የምገዛው፣ በበረዶም ቢሆን። እልሄ ሳይወጣ ቀርቶ አረንጓዴ ካፖርት ባረጀ ቁጥር ሌላ አረንጓዴ እገዛለሁ፣ እንዲያየው። እሱ ደግሞ እያንዳንዱን "ይቺ ቀይ ታምርብሻለች" ይለኛል። ያሾፍብኛል ብዬ ስንቴ ራት ነሥቼዋለሁ።

የጥቅምቱ ስብሰባ እሑድ ጠዋት በአምስት ሰዓት ነበር። አረንጓዴ ካፖርቴን ለበስኩ፣ የሳጥን አሥራ አራቷን ዘንዶ በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩ፣ ብርድ እንዳይመታት። ደብተሩን በብብቴ ይዤ ገባሁ።

ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። መስኮቱ ሥር ሦስቱ ዳኞች ተቀምጠዋል፦ ኤከሃርድ፣ በሎታር ቦታ የተተካው የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቴዮ፣ እና ስቬንያ። ስቬንያ መነጽር ቤት ያላት አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት፤ ስታያችሁ ዓይናችሁን የምትለካ ይመስላችኋል። ሰው ሁሉ ይፈራታል፣ ምክንያቱም ቡናማን ቡናማ ትላለች።

ቀድሞ የቀረበው የአንድ ሌላ አባል ነበር። ሰውዬው እስከ ክንዱ የሚደርስ የብረት ሠራተኛ ጓንት አጥልቆ፣ ዘንዶውን በረጅም ዱላ ከሳጥን አወጣው። ዘንዶው እንደወጣ ዱላውን ነከሰ። ቀጥሎ ጓንቱን ነከሰ። ቀጥሎ ያቀረበለትን ቅርንጫፍ ነከሰ። ዳኞቹ ከሁለት ክንድ ርቀት አንገታቸውን አስግገው አዩና "ብርቱካናማ፣ ግን ያልጠራ" ብለው መለሱት። ምስኪን፣ ዛሬ ሆዱን አሞት ይሆናል አልኩ ስለ እባቡ።

"ፒዮንተክ" አለ ኤከሃርድ ወረቀቱን እያየ። "በሟች ስም። ትራውደ፣ ነይ ወደ መስኮቱ።"

ደረቴን ከፈትኩና አወጣኋት። ከረጢቱን ፈትቼ እጄን አስገባሁ። ፊተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት ወንበራቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። ለሐዘንተኛ ቦታ መልቀቃቸው ነው ብዬ አመሰገንኳቸው። አሥራ አራት በእጅጌዬ ወጣች፣ ትከሻዬ ላይ ሁለቴ ተጠቀለለችና አገጯን ኮሌታዬ ላይ አሳረፈች።

ኤከሃርድ ገና ወረቀቱን ነው የሚያየው። ቀና ብሎ ቀለሟን ብቻ አየ፤ እሱ ሌላ ነገር ማየት ድሮም አያውቅበትም።

"ቡናማ" አለ።

"ቡናማ" አለች ስቬንያ።

ቴዮ ብርጭቆ እየወለወለ "ይቅር በይኝ ትራውደ፣ እኔም ቡናማ ነው የሚታየኝ" አለ።

አለቀ። በአንድ ደቂቃ። ሃያ ስድስት ዓመት አለቀ። ሆዴ ባባ፣ ከዚያ ደግሞ ደሜ ፈላ። እኔ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡብኝ።

"አንተ ኤከሃርድ" አልኩት፣ "ደብተሩን ሳታይ ነው እንዴ የምትፈርደው? ይኸው በእጁ የጻፈው። ቀይ ይላል። ሦስት ኮከብ። እዚህ ሰሌዳ ላይ የሰቀላችሁት ዝገት ሁሉ ቀይ ሲባል የእሱ ብቻ ምን በድሎ ነው?"

"ትራውዲዬ፣ ደብተር አይደለም የምንፈርደው።"

"ትራውዲዬ አትበለኝ።"

ስቬንያ እጇን ዘርግታ ደብተሩን ወሰደችው። አንድ ገጽ ገለጠች። ሌላ ገለጠች። ፊቷ ተለወጠ።

"ሁሉም ማለት ይቻላል ቀይ ነው የሚለው" አለች። "የመጀመሪያዎቹ ወላጆች በፎቶ አሉን፤ አንዱ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ነበር፣ ቢጫ ብሎ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ግን ቀዩንም፣ ቡናማውንም፣ የወይራ ቅጠል የመሰለውንም ቀይ ብሏል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሎታር ከፖስታ ቤት በፊት ሌላ ሥራ ሞክረው ነበር?"

"ባቡር ነጂ መሆን ነበር ምኞቱ። የባቡሩ ሐኪም ጉልበትህ ደካማ ነው ብሎ መለሰው። ለዚያ ጉልበት ስል ሠላሳ አራት ዓመት የቢራ ሳጥን ፎቅ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።"

"ፖስታ ሲያድሉ ግን በብስክሌት ነበር?"

"በቀን ሃያ ኪሎ ሜትር።"

ስቬንያ ዓይኗን ደረቴ ላይ ጣለች። "ይህ የለበሱት ካፖርት" አለች ቀስ ብላ፣ "ሎታር ምን ዓይነት ቀለም ነው ይሉት ነበር?"

ልመልስላት ብዬ ካፖርቴን ቁልቁል አየሁ። ሠላሳ ሰባት ሰው ያየኛል፣ ካፖርቴንም ያያል፤ የአረንጓዴ አረንጓዴ ነው።

"ቀይ" አልኩ።

ተቀመጥኩ። ወንበር መኖሩን እንኳ አላየሁም፣ እንዲያው ደግነቱ ነበረ። ጉልበት ሲል የኖረው ዓይኑ ኖሯል፤ ቀይና አረንጓዴ አይለይለትም ነበር። ከሩቅ አይቶ ልቡ ድንግጥ ያለባት ደግሞ እኔው ነበርኩ። ሄድቪግ አልነበረችም። እኔ በአረንጓዴ ካፖርቴ ቆሜ፣ እሱ ቀይ መስዬው። ሠላሳ አራት ዓመት ሁለት ሰፈር አቋርጬ ዳቦ ስገዛ ይህ ሰው ምንም አላደረገም ነበር። ምናለ ብትነግረኝ፣ አንተ ከንቱ፣ ምናለ አንድ ቀን ብትነግረኝ አልኩት በልቤ። ትስቅብኛለች ብሎ ፈርቶ ይሆናል። እስቅበትም ነበር፣ አልዋሽም። ግን ስቄ ስጨርስ እቅፍ አደርገው ነበር።

ቀድሞ የተናገረው ኤከሃርድ ነው። ፊቱ ኖራ መስሏል።

"ቆይ እስቲ" አለ። "ሎታር እኮ አሥራ ስምንት ዓመት የቀለም ዳኛ ነበር።"

ሰው ሁሉ ወደ ሰሌዳው ዞረ። እያንዳንዱ የራሱን ስም ያነባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ብሮመል፣ ነበልባል" ይላል። ያ ነበልባል በሁለት ለአንድ ነው ያለፈው። ስቬንያ ዝገት ነው ብላ ተቃውማ፣ በኤከሃርድ ወንበር የተተካው ዳኛ ቀይ ብሎ፣ ሎታር "በጣም ቀይ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ" ብሎ። ሎታር ያልፈረደለት ማን አለ? ሰው ደስ ሲለው ማየት ነበር የሚወደው፤ ያ ደግሞ ቀለም ማወቅ አይፈልግም።

"ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አይገባም" አለ ኤከሃርድ።

"ገብቷል" አለ ጸሐፊው።

"ነጥቦቹስ ምንድን ናቸው?" አለች ስቬንያ። ደብተሩን አለቀቀችም። "በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ጎን አሥራ አራት ነጥብ አለው። አንዱ ዘጠኝ። እየቆየ ይቀንሳል፣ ስድስት፣ ሦስት። ሁልጊዜ የሚያዳቅሉት ነጥባቸው ትንሽ የሆኑትን ነው። ባለፉት ስድስት ዓመታት የተወለዱት ላይ አንድም ነጥብ የለም።"

"አይጥ ነው" አልኩ። "የበሉት አይጥ።"

"ስድስት ዓመት ሳይበሉ ኖሩ?"

ያን ጊዜ ነው ስቬንያ ከደብተሩ ቀና ብላ አንገቴን ያየችው። አሥራ አራት ጭራዋን ጆሮ ጉትቻዬ ላይ ጠምጥማ ትተኛለች። ስቬንያ ተነሥታ ቆመች።

"ትራውደ" አለች፣ "ጓንትዎ የት አለ?"

"የምን ጓንት?"

"ሲነክሱዎት ምን ያደርጋሉ?"

"ማን ነው የሚነክሰኝ?" አልኩ።

ሠላሳ ሰባት ሰው ፕላስተር የተጠቀለለ ጣቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያፈጥጥብኛል። ወንበራቸውን ይዘው የሸሹት ለሐዘኔ ብለው አለመሆኑም ያን ጊዜ ገባኝ። የዛፍ ዘንዶ ማለት ለካ ያየውን ሁሉ የሚነክስ፣ በእጅ የማይያዝ ፍጥረት ኖሯል። እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ እንደ ሻርፕ ስለብሳቸው ከርሜአለሁ። ነጥቦቹ ንክሻ ነበሩ። ሎታር ቀለም ማየት ሲያቅተው፣ ያልነከሰውን እየመረጠ ሃያ ስድስት ዓመት አዳቀለ። አምስት ጊዜ እዚህ አምጥቶ እጁ ላይ አስቀምጦ አሳያቸው። እነሱ ቀለሟን አይተው ቡናማ አሉና መለሱት።

አላዩትም፣ ትራውደ።

ኤከሃርድ ከወንበሩ ተነሣ። የአፍንጫው ጠባሳ ቀልቷል። ጓንቱን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። የተቆራረጠ ባዶ እጁን ቀስ ብሎ ወደ አንገቴ ዘረጋ። አሥራ አራት ምላሷን አወጣች፣ ጣቱን አሸተተችው፣ ከዚያ ምንም ሳትቸኩል ከትከሻዬ ወርዳ ክንዱ ላይ ተጠቀለለች።

ሰውየው አልተነቃነቀም። እንደ ሕፃን አቀፋት። "ሠላሳ ዓመት" አለ ድምፁ ተሰብሮ፣ "ሠላሳ ዓመት አርብቼአቸው አንድም ቀን ነክቼአቸው አላውቅም።" ጢሙ ሥር እንባው ይወርዳል። ይህን ሰው ሃያ ዓመት ስጠላው ኖሬ ያን ደቂቃ አንጀቴን በላው።

"እንግዲህ ይጻፍ" አልኩ።

"ሰሌዳው የቀለም ነው" አለ ኤከሃርድ አፍንጫውን እየጠረገ። "የጠባይ ዓምድ የለውም። ቀለም ምን ተብሎ ይጻፍ?"

"ደብተሩ ላይ እንዳለው። ቀይ።"

"ትራውደ፣ በቀን ብርሃን…"

"በቀን ብርሃን የአንተን ነበልባልም አይተነዋል" አልኩት።

ስቬንያ "እኔ ቡናማ ብዬ ነው የምፈርደው" አለች። "ለሎታር ብላችሁ ብትለምኑኝም ቡናማ ናት። ግን ከወለደች አንድ ልጅ ለእኔ ይያዝልኝ፣ ሁለትም ቢሆን።"

ቴዮ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየበት፣ ዘንዶዋን አየ፣ እኔን አየኝ። "ቀይ" አለ።

የቀረው ኤከሃርድ ነው። ክንዱ ላይ የተኛችውን ረጅም ጊዜ አያት። "ቀይ" አለ። "እንዲያውም በጣም ቀይ ናት። እንኳን ደስ ያለሽ።"

ብረቱን አጋሉት። ኤከሃርድ ዘንዶዋን ከግራ ክንዱ ሳያወርድ በቀኙ ጻፈው፤ ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል፣ ይሁን። "ፒዮንተክ፣ ቀይ" ይላል። አሥራ አራትን ለማስለቀቅ ግን ሩብ ሰዓት ለመንኩት።

ስወጣ ሰዓቱ ገና ነበር። እሑድ ደግሞ ሄድቪግ እስከ ሰባት ሰዓት ነው የምትከፍተው። ምን ብዬ እንደምጀምርላት አላውቅም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ያኮረፍኳት መሆኑን ራሷ ታውቅ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ቢሆንም ዳቦ እገዛለሁ ብዬ ወስኜ ከረጢቱን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩ፣ የካፖርቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

ቴዮ በር ከፈተልኝ። "ይህ አረንጓዴ ካፖርት ያምርብሻል፣ ትራውደ" አለ።

"ቀይ ነው" አልኩት።